ጥቁር አባት፣ አሸዋማ ልጆች

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። ጠዋት።

ሳጥኖቹ ተጠርገዋል። ማሽላ፣ ካሮት፣ ውሃ። ከዋልዳ ያመጣሁት ጥቁር ወንድ አይጥ ዛሬም ነከሰኝ፤ ያንኑ ጣት። ጓንት ለብሼም ቦታውን አይስትም። ይንከስ። ከኦቦ ካመጣኋት አሸዋማ ሴት ጋር ካስገባሁት ወዲህ አልተጣሉም፤ ዋናው እሱ ነው። ሌሎቹ ጥንዶች እስኪደማሙ ተቧጭረው ለይቻቸዋለሁ። የቀረኝ ተስፋ ይህ አንዱ ሳጥን ነው።

አስናቀች ገና በጠዋቱ በክፍሌ በር ላይ ቆማለች። የሟች ወንድሜ ሚስት። የሆቴሉ ባለቤት፣ የአካባቢው ሽታ ሁሉ ተቆጣጣሪ። ስሚ ደብተሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አስ. ብዬ ነው የምጽፋት። ሙሉ ስሟን ለመጻፍ ቀለም አላባክንም።

አባታችን ሲሞት ውርሱ እንዲህ ተከፈለ፦ የፊተኛው ሆቴል ለወንድሜ፣ የጓሮው ሁለት ክፍል ለኔ። ወንድሜም ሞተ፤ ሆቴሉ የሷ ሆነ። ስለዚህ ልታባርረኝ አትችልም። እኔም መሄጃ የለኝም፤ ናይሮቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ እንደኔ ላለች የዶክትሬት ተማሪ የአይጥ ቤት አይሠራም። ማባረር ስላልቻለች በር ላይ ትቆማለች። አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና። ቃል ሳትናገር። እኔም ቃል ሳልናገር የአይጦቹን ኩስ ጠርጌ እግሯ አጠገብ ካለው ባልዲ ጨመርኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 7። ከሰዓት።

ከተማው ስም አወጣልኝ። ማማ ፓንያ። የአይጥ እናት። ቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር፣ የሚነዱት ከድንበሩ ኬላ እስከ ገበያው በዚሁ ስም ነው የሚጠሩኝ። የሕይወት ሳይንስ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው ግማሾቹ።

ዛሬ ቁርስ ላይ ከድንበሩ ማዶ የመጣ የከብት ነጋዴ አስተናጋጇን ጓሮው ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቃት። ነገረችው። ሻይውን ሳይጨርስ ቦርሳውን አንስቶ ሄደ። አስ. መጣች። በዚህ ወር የመጀመሪያው ንግግራችን፦

«ሰው አይጥ ለማስገደል ይከፍላል። አንቺ ታጋቢያለሽ!»

«በቤቴ ነው።»

«ቤቱ ያንቺ ነው። ሽታው ግን አጥር አያውቅም።»

አሁን ሦስት መልስ መጣልኝ፤ ምን ይሠራል።

ዶ/ር ሙቲሶም ደወለ፤ አማካሪዬ። ሁለተኛው ጠላቴ ልለው ነበር፣ ግን ተራ ይጠብቅ። ለምን ታጋቢያለሽ፣ ደምና የጆሮ ቁራጭ ላኪልኝ፣ የቀረውን መሣሪያው ያነበዋል አለ። መሣሪያው የዘረመሉን ፊደል ያነባል። ፊደሉ ጠጉር ላይ ምን እንደሚሠራ ግን የሚያሳዩት ልጆች ናቸው። ጭቅጭቃችን ለሌላ ሰው ሞኝነት ይመስላል፤ ላስቀምጠው፦ የአሸዋማው አይጥ ጠጉር ከሥሩ ግራጫ፣ መሐሉ ላይ ቢጫ ቀለበት፣ ጫፉ ጥቁር ነው። ከሩቅ ሲታይ አፈር። የዋልዳው ጥቁር አይጥ ቀለበቱ የለውም። ለምን? ዶ/ር ሙ. እንደሚለው «ጥቁር ቀለም ሥራ» ብሎ የሚያዘው ማብሪያ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ለዚህ ከአባት ወይም ከእናት የተወረሰ አንድ ቅጂ ይበቃል። እኔ ደግሞ የተበላሸው ቢጫውን የሚያስገባው ነው ባይ ነኝ፤ ለዚህ ሁለቱም ቅጂ መበላሸት አለበት። እሱ ልክ ከሆነ ጥቁር አባት ከአሸዋማ እናት ጥቁር ልጅ ይወልዳል። እኔ ልክ ከሆንኩ አንድም ጥቁር አይወለድም።

እሱ በየስብሰባው የራሱን ተናግሮ ጨርሷል። እኔ ሳጥን አለኝ።

እሑድ፣ የካቲት 9። ዋልዳ።

ከቦዳቦዳ ነጂዎቹ አንዱ፣ ጉዮ፣ በሞተሩ አመጣኝ። ጀርባዬ የለም። መንገድ የሚሉት ነገር ድንጋይ ነው፣ በላዩ ሌላ ድንጋይ። ለሁለት ቀን ነው የመጣነው፤ ተጨማሪ ጥቁሮች ያስፈልጉኛል።

ወጥመዶቹን ከጥቁሩ ድንጋይ ጠርዝ ጀምሬ ወደ ቀዩ አፈር በመስመር ዘረጋሁ። ድንጋዩ ላይ የተያዙት ሁሉ ጥቁር። አፈሩ ላይ አሸዋማ። ጠርዙ ላይ ሁለቱም አሉ፤ እዚያ ይጋባሉ፣ እዚያም የአሞራ ሲሳይ ይሆናሉ። ፎቶ ላነሳ አንዱን አሸዋማ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። አቤት! ከሩቅ እንደተጣለ ብርቱካን ልጣጭ ይታያል። ካሜራውን ሳላስተካክል ጭልፊት ከላይ መዞር ጀመረች። ባርኔጣዬን ደፋሁበት።

ጉዮ ሳቀ። ፈጣሪ የቀባውን ቀለም ምክንያት መጠየቅ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀኝ። ደግ ሰው ነው፣ በቀና ልብ ነው የጠየቀው። እኔ ግን ምክንያቷ ያቻትና ከላይ እየዞረች ነው ብዬ ቆጣ አልኩ። የአስ. ቁጣ ተጋብቶብኝ እስከዚህ ተከትሎኛል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11። ቀትር።

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ተመለስኩ፤ ክፍሌ ባዶ። አንድም ሳጥን የለም። ወለሉ በኦሞ ታጥቧል። ጮኼ ወጣሁ። ማገዶ ቤት ናቸው አሉኝ ሠራተኞቹ። ሮጥኩ። ሁሉም እዚያ፣ በከሰል ጆንያ ላይ ተደርድረው፣ በላያቸው ጨርቅ ተጥሎ።

የኔዋ እመቤት ምን ትላለች? ከጤና ጥበቃ ለፈቃድ እድሳት ኩሽና ሊያዩ መጡ፤ ጓሮውንም ያያሉ፤ አይጥ ቢያገኙ ሆቴሉን ያሽጉታል። ሠራተኞቹ ሳጥኖቹን አንነካም አሉ። በገዛ እጇ አንድ በአንድ ተሸከመቻቸው።

ልትደውልልኝ አትችልም ነበር? ዋልዳ ኔትወርክ የለም አለች። ልክ ናት። ይህ የባሰ አናደደኝ።

ያልተባለ ነገር አልቀረም። ወንድሜ ቢኖር ኖሮ አልኩ። ቢኖር ኖሮ አንቺን ነበር ማገዶ ቤት የሚያስገባሽ አለች። በረንዳ ላይ ሻይ የያዙ ሰዎች ኩባያቸውን አስቀምጠው አዳመጡን። መጨረሻ ላይ ረጋ ብላ፦

«ቆጥረሽ ተረከቢ» አለችኝ።

ቆጠርኩ። የጆሮ ቁጥራቸውን አንድ በአንድ ከሳጥኑ ካርድ ጋር አመሳከርኩ። አንድም አልጎደለም፣ አንድም ቦታው አልተቀየረም። ጥቁሩ ወንድ ከኦቦዋ ሴት ጋር። ነከሰኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ።

አመሰግናለሁ አላልኩም። አልልም።

ሰኞ፣ የካቲት 17።

ዐቢይ ጾም ገባ። አስ. ከማዶ ከቅዳሴ ስትመለስ ፊቷ እንደ ተቋጠረ ነው። ጾም ያለዝባል ይላሉ።

ሳጥኖቹ ማገዶ ቤት ቀርተዋል። ወደ ክፍሌ ልመልሳቸው ነበር፤ ግን ማገዶ ቤት ቀዝቀዝ ይላል፣ እንስሶቹም በደንብ ይበላሉ። ይህን ለሷ አልነግራትም፤ የተሻለ ቦታ የሰጠችኝ ይመስላታል። ሆኖም ጥቁሩን ወንድ ዛሬ ለይቼ አወጣሁት፤ ያረገዘች ከሆነ ብቻዋን ትሁን።

እሑድ፣ የካቲት 23።

ረመዳንም ገባ። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ገጠሙ። ቀን ቀን ሆቴሉ ውስጥ የሚቀመጥ የለም፤ ክርስቲያኑ እስከ ዘጠኝ፣ እስላሙ እስከ ማታ። ጥፋቱ የማን ነው? የአይጦቹ። አስ. ለአስተናጋጇ ጮክ ብላ ትናገራለች፤ እኔ እንድሰማ። እኔም ጮክ ብዬ ለጥቁሩ ወንድ፣ ባዶ ሆቴል የቆሻሻ ወጥ ውጤት ነው አልኩት። ወጧ ግን ቆሻሻ አይደለም። በከተማው የሷን ሽሮ የሚያክል የለም። ይህን ለማንም እንዳትናገሪ።

የኦቦዋ ሴት ሆዷ ገፋ። እጄን ሳስገባ ጥግ ትይዛለች። ጭድ እየጎተተች ጎጆ ትሠራለች።

ኀሙስ፣ መጋቢት 4። ማለዳ።

ወለደች! አምስት። ራቁታቸውን፣ ቀይ፣ ዐይናቸው የተከደነ፣ የጣት አንጓ የሚያካክሉ። አልነካኋቸውም። እንዳትበላቸው ፈርቼ ትንፋሼን ያዝኩ። አሁን መጠበቅ ብቻ። ጠጉር እስኪያወጡ ቀለማቸው አይታወቅም።

ለዶ/ር ሙ. ጻፍኩለት። ያረገዘችው ምናልባት በወጥመድ ከመያዟ በፊት ነው ብሎ መለሰ። ሰላምታ እንኳ የለውም። ለብቻዋ ከአምስት ሳምንት በላይ አቆይቻት ምንም አልወለደችም፣ ከዚያ ነው ያጣመርኳት ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13።

አሸዋማ!

አምስቱም። ዛሬ ጀርባቸው ላይ በግልጽ ወጣ። አንድም ጥቁር የለም። ከአንዱ ላይ ሁለት ጠጉር ነቅዬ በማይክሮስኮፕ አየሁ፤ ቢጫው ቀለበት ቁጭ ብሏል፣ ሰፊ፣ ደማቅ። አባታቸው ከሰል ነው፣ እነሱ የኦቦ አፈር።

ሳቅሁ። ብቻዬን፣ ከሰል ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ከዚያ ፎቶውን ለዶ/ር ሙ. ላክሁ። ምንም ቃል ሳልጨምር። ወዲያው ደወለ። ሰውየው ተገልብጧል! የራሱ ሐሳብ መውደቁን ረስቶ ከኔ በላይ ተደሰተ። በሌላ አገር ጥቁር ድንጋይ ላይ ያሉት አይጦች አንድ መንገድ ሄዱ፣ የኛዎቹ ሌላ፤ ይህ ትልቅ ወሬ ነው አለ። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ እናቀርበዋለን አለ። «እናቀርበዋለን»። እኔ አንድ ጥንድ ብቻ ነው፣ መደጋገም አለበት አልኩ። ለመነሻ ይበቃል፣ የእንስሶቹን ሥራ በወሩ መጨረሻ ዝጊና ናይሮቢ ነይ አለ። ናይሮቢ! ሽታ የማይቆጣጠሩበት አገር።

እሑድ፣ መጋቢት 14።

ምነው ባልሄድኩ። ምነው አፌን በዘጋሁ።

አስ. ጠረጴዛ ላይ ምስር ትለቅማለች። ገባሁ። ለክፋት ነው የገባሁት፤ አልደብቅሽም። ደስ ይበልሽ፣ አይጦቹ በወሩ መጨረሻ ይሄዳሉ አልኳት። ቀና አለች። ፊቷ በራ። ይህንን ፊቷን ወንድሜ ከሞተ ወዲህ አይቼው አላውቅም። እዚያ ላይ ባቆም! ግን ጨመርኩ። ማገዶ ቤት ጥለሻቸውም ሥራዬ ሠመረ፣ አልቻልሽኝም አልኩ።

ምኑ ሠመረ አለች። ነገርኳት። አባት ጥቁር፣ ልጆቹ አንድም ጥቁር የለባቸውም፤ ቁም ነገሩ ይኸው ነው።

«አባትየው እሱ ለመሆኑ በምን አወቅሽ?»

«ከሱ ሌላ አብሯት የነበረ የለማ።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ከዚያ፦

«ነበረ እንጂ» አለች።

ዋልዳ በነበርኩ ጊዜ፣ ሳጥኖቹን ስትሸከም፣ ደረጃው ላይ አዳለጣት። ሦስት ሳጥን ተከፈተ። የኦቦዋ ሴት፣ ጥቁሩ ወንድ፣ ሁለት አሸዋማ ወንዶች ጓሮው ውስጥ ተበተኑ። በሩን ዘግታ በመጥረጊያና በመስፈሪያ አሯሩጣ ያዘቻቸው። የጤና ሰዎቹ በር ላይ ስለነበሩ ሁሉንም አንድ ባዶ የውሃ በርሜል ውስጥ ከታ ከደነች። እዚያው አደሩ። በማግሥቱ የጆሮ ቁጥራቸውን ከካርዱ ጋር እያየች ወደየሳጥናቸው መለሰች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቆጥረሽ ተረከቢ አልኩሽ። ቆጠርሽ። ሞልቷል አልሽ። አብሮ ማደራቸው ምን እንደሚያመጣ በምን አውቃለሁ? አይጥ አይደል።»

ቀኖቹን ቆጠርኩ። ከዚያ ሌሊት እስከ ልደቱ ያለው ጊዜ ከእርግዝናዋ ዕድሜ ጋር ልክ ይገጥማል። አባታቸው ከአሸዋማዎቹ ወንዶች አንዱ ከሆነ፣ ልጆቹ አሸዋማ መሆናቸው ምንም አይናገርም። ምንም። ከተራ አይጥ ተራ አይጥ ተወለደ፣ ያ ብቻ።

ምስሯን መልቀም እንደቀጠለች፦

«እና አይሄዱም ማለት ነው?» አለች።

«አይሄዱም።»

በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉተመተመች። ምርቃት አልነበረም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16። ጠዋት።

ሁለት ቀን አስቤ አስቤ ራሴን አመመኝ። ትዋሻለች ብል ይቀለኛል። ልታበሳጨኝ፣ ልታከሽፈኝ ፈጠረችው ብል። ማን ይጠይቀኛል?

ግን ዝም ብትል አይጦቹ ይወጡላት ነበር። በወሩ መጨረሻ እንደሚሄዱ ነግሬያት፣ ፊቷ በርቶ፣ ከዚያ ነው የተናገረችው።

ደግሞም ይቺን ሴት ለምን እንደምጠላት አንቺ ታውቂያለሽ፣ ደብተሬ። ለሠርጌ ድንኳን ሊተከል ሲል፣ እጮኛዬ ማዶ ሚስትና ልጆች እንዳሉት ለእናቴ የነገረቻት እሷ ናት። ሽማግሌ ባለበት፣ ሰው በተሰበሰበበት። በሹክሹክታ መናገር አታውቅም። እውነት ነበር። ሄደን አረጋገጥን። እናቴ መረቀቻት። እኔ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። እውነትን እንደ ጥፊ ነው የምትሰነዝረው። ግን ከጥፊዎቿ መሐል አንድም ሐሰት ይዤባት አላውቅም። ፈልጌ ነበር። አጣሁ።

ከሰዓት።

ለዶ/ር ሙ. ደወልኩ። በርሜሉን ነገርኩት። ሳቀ። የሆቴል ሴትዮ ወሬ መረጃ አይደለም አለ። ማስታወሻሽ ላይ ያለው እንስሶቹ በቦታቸው እንደነበሩ ነው፣ እኛ የምናውቀው ያን ነው አለ። የጆሮ ቁራጮቹን ልኬ አባትየው በላብራቶሪ ይለይ አልኩ። ወረፋው ከስብሰባው ያልፋል አለ። ደግሞስ ሴትዮዋ እንደምትጠላሽ አንቺው አይደለሽም የነገርሽኝ? አለ።

ስልኩን ይዤ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። አስ. እጇ ሊጥ ነው። አማካሪዬ አያምንም፣ ንገሪው አልኳት። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለች። በስዋሂሊ፣ ቀጥ አድርጋ፣ ለኔ ያለችውን ያንኑ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ነገረችው። ተሳስተሽ ይሆናል ሳይላት አልቀረም፤ በገዛ መጥረጊያዬ ያሯሯጥኩትን አልስትም ብላ መለሰችለት። እንደገና አንድ ነገር አላት። ምን እንደሆነ አልሰማሁም። አስ. ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው፣ መልሳ አስጠጋችና፦

«ሻውሪ ያኮ» አለችው። እዳው ያንተ። ዘጋችበት።

ምን አለሽ አልኳት። ዝም ብትዪ ለሁላችሁም ይሻላል አለኝ አለች። ወደ ሊጧ ተመለሰች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ነገር ልላት ፈልጌ ነበር። ዘወር በይልኝ፣ ብርሃኑን ከለልሽኝ አለች።

ዓርብ፣ መጋቢት 19።

የዶ/ር ሙ. መልእክት መጣ። አጭር። ወይ ውጤቱ ስብሰባው ላይ ይቀርባል፣ ወይ ሥራውን ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። እስከ እሑድ አስቢበት ይላል።

ግልገሎቹ ዐይናቸውን እየገለጡ ነው። ያምራሉ። ጥቅም የላቸውም ማለት አልችልም፤ ምን እንደሆኑ ግን አላውቅም። የጆሮ ቁራጮቹን፣ የእናቲቱንም፣ የሦስቱን ወንዶችም፣ በአልኮል አድርጌ ዛሬ በሚሄደው አውቶቡስ ላክሁ። ወረፋው ይጠብቅ። እኔም እጠብቃለሁ።

አንድ ሰዓት ያህል ተናድጄ አለቀስኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም። በሁሉም። በደረጃው ጭምር።

እሑድ፣ መጋቢት 21። ጠዋት።

ዛሬ ዒድ ነው። መንገዱ በነጭ ጀለቢያ ተሞልቷል። ሆቴሉ ከስንት ጊዜ በኋላ ጢም ብሏል። አስ. ከኩሽና ወደ በረንዳ ትሮጣለች፤ እኔን ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

ለዶ/ር ሙ. ጻፍኩ። አባታቸው ሳይታወቅ ስለነዚህ ልጆች አንድ ቃል አይቀርብም፤ ከቀረበ በርሜሉን እኔው ራሴ ተነስቼ እናገራለሁ፤ ሥራውን ለሌላ ከሰጠኸው ሳጥኖቹን እንደሌሉ ቁጠራቸው፤ ጓሮው የኔ ነው፣ አይጦቹም። ላክሁት። ወዲያው እንዳነበበው ታየኝ። መልስ የለም።

ጉዮ ነገ ጠዋት ይመጣል። ወደ ዋልዳ፣ ለአዳዲስ ጥቁሮች። ከዚያ ኦቦ፣ ለሴቶች። ሴቶቹ እንደገና ለየብቻቸው፣ እንደገና ጥበቃ፣ እንደገና ማጣመር። ከመጀመሪያው። ምናልባት እስከ ክረምት።

ለአስ. ልነግራት ገባሁ። ሰምታ ጣሪያው ላይ አፈጠጠች። ነጭ ሽንኩርቱን እየፈጨች፣ ማገዶ ቤቱን ለማገዶ እንደምትፈልገው፣ ጨርቁን በየሳምንቱ እንዳጥብ፣ ኩሱንም ከአጥሩ ውጭ እንድጥል ነገረችኝ። እሺም እምቢም አላልኩ። እስከ ክረምት የምንነጋገረው ይኸው ይመስለኛል።

ብትዋሽ ኖሮ ዛሬ ሁለታችንም ነፃ ነበርን።